ለአንድ ቀን ልጅ ራጅ ለምን ይታዘዛል?

«ለአንድ ቀን ልጅ ራጅ?» ይህ ጥያቄ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ደጃፍ አዲስ አይደለም። አያት ጨረሩን ትፈራለች፤ «ገና እትብቱ ሳይደርቅ» ትላለች። አባት ደግሞ በተቃራኒው ቅር ይለዋል። ራጅ ሳይነሳ ኦክስጅንና መድኃኒት ለምን ተጀመረ? የሁለቱም ሥጋት የሚነሳው ከአንድ ቦታ ነው። ራጁ በሽታውን ይናገራል፣ ሐኪሙ የተባለውን ይጽፋል ብለው ያስባሉ።

በቅርብ ዓመታት ሌላ ወሬም ተጨምሯል። አልትራሳውንድ ራጅን ሊያስቀረው ነው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ የራጅ ፊልም አንባቢውን ሐኪም ሊያስቀረው ነው ይባላል። እውነትም ግነትም አለበት።

ወደዚያ ከመግባት በፊት አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። የጨቅላ ሕፃን ራጅ የሚመልሰው አልጋው ዳር ቀድሞ የተጠየቀን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ካልተጠየቀ፣ ወይም መልሱ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ፣ ፊልሙ ላይ ያለው ጥላ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ትንፋሹ ይቆጠራል

ጤነኛ አዲስ የተወለደ ሕፃን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ60 ካለፈ ፈጣን ይባላል። አቆጣጠሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕፃናት እንደ አዋቂ ወጥ አድርገው አይተነፍሱም። ለጥቂት ሰከንዶች ቆም ይሉና መልሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው።

ቀጥሎ የሚታዩት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የአፍንጫው ቀዳዳ ይከፈት ይዘጋል። ከንፈሩና ምላሱ ይጠቁራል። ያቃስታል። ማቃሰቱ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ሕፃኑ ሲያቃስት እያለቀሰ አይደለም። አየሩ ከሳንባው ጨርሶ እንዳይወጣ ጉሮሮውን በከፊል እየዘጋ ነው። ሰውነቱ ራሱ የፈጠረው ዘዴ ነው ማለት ይቻላል። ኋላ ላይ እንደምናየው፣ ዛሬ ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው መሣሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ከዚያ ጥያቄ ይመጣል። ስንት ሳምንቱ ነው? በምጥ ነው ወይስ በኦፕራሲዮን የተወለደው? የእንሽርት ውሃው ስንት ሰዓት ቀድሞ ፈሰሰ? አረንጓዴ ነበር? እናትየዋ ትኩሳት ነበራት? ስኳር አለባት? ልምድ ያላት ነርስ እነዚህን ስትሰማ ራጁ ሳይመጣ ግምቷን ጨርሳለች። በ32 ሳምንት ተወልዶ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሚያቃስት ሕፃንና በ41 ሳምንት አረንጓዴ ውሃ ውስጥ የተወለደ ሕፃን አንድ አይደሉም።

ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሕፃን ሁሉ ሳንባው ታሟል ማለትም አይደለም። ብርድ፣ የደም ስኳር ማነስ፣ የልብ ችግር፣ በደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን፣ ታፍኖ መወለድ፤ ሁሉም ትንፋሽን ያውካሉ። በእነዚህ ጊዜ ፊልሙ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ንጹሕ ነው ማለት ግን ሕፃኑ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ከውሃ ወደ አየር

ራጅ አየርን ጥቁር፣ አጥንትን ነጭ አድርጎ ያሳያል። ፈሳሽና ሥጋ በመካከል ናቸው። ጤነኛ ሳንባ በአየር የተሞላ ስለሆነ ፊልሙ ላይ ይጠቁራል። በሌላ አነጋገር፣ የደረት ራጅ በዋናነት የሚናገረው አየር የት እንደገባና የት እንዳልገባ ነው።

ለአዲስ ሕፃን ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ማሕፀን ውስጥ ሳለ ሳንባው የተሞላው በፈሳሽ ነበር። ምጥ ሲጀምር ሰውነቱ ፈሳሹን መምጠጥ ይጀምራል። ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች አየር ቦታውን ይወስዳል። በእነዚያ ሰዓታት የተነሳ ፊልም ጉዞው ገና ሳያልቅ የተያዘ ፎቶ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት «በሽታ» የመሰለ ነጭነት በስድስተኛው ሰዓት ላይኖር ይችላል።

አንድ ዓይነት ነጭነት፣ የተለያየ በሽታ

ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ ዋናው ችግር በምህጻረ ቃል አርዲኤስ የሚባለው ነው። የሚመጣው ሰርፋክታንት ከሚባል ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ሰርፋክታንት የሳንባን ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ከውስጥ የሚቀባ ቅባት መሰል ነገር ነው። ከሌለ ከረጢቶቹ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማብቂያ ላይ ይጣበቃሉ። እርጥብ ላስቲክ ጎንና ጎኑ ተጣብቆ አልከፈት እንደሚል ዓይነት ነው። ሕፃኑ እያንዳንዱን ትንፋሽ እንደ አዲስ መታገል አለበት። ይህን ምስጢር የገለጡት ተመራማሪዎቹ ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1959 ነው።

የአርዲኤስ ፊልም መልክ አለው። ሳንባው ትንሽ ነው፤ እንደተፋቀ መስታወት ደብዝዟል። በነጩ መሐል የአየር ቧንቧዎች ቅጠሉ እንደረገፈ ዛፍ ጥቁር ሆነው ይታያሉ። በከባዱ ደረጃ ልብና ሳንባ አይለዩም፤ ሁሉም ነጭ ነው።

ቀኑ ደርሶ በተለይ ምጥ ሳይጀምር በኦፕራሲዮን የተወለደ ሕፃን ላይ የተለመደው ደግሞ የፈሳሹ መዘግየት ነው። ፊልሙ ላይ ከልቡ አካባቢ ወደ ውጭ የሚሄዱ መስመሮች ይታያሉ፤ በሳንባ ክፍሎች መሐልም ቀጭን የፈሳሽ መስመር ሊኖር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን በራሱ ይጠፋል።

የመጀመሪያ ሰገራውን፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን፣ ከእንሽርት ውሃው ጋር ወደ ሳንባው የሳበ ሕፃን ፊልም ሌላ ነው። እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አለው። ሳንባው ከመጠን በላይ ተነፍቶ ይታያል። አየሩ ገብቶ መውጣት አቅቶታል።

እስካሁን ለየት ለየት ያሉ ይመስላሉ። ሳንባ ምች ሲመጣ ግን ነገሩ ይደበላለቃል። በጨቅላ ሕፃን ሳንባ ምች የማይመስለው ነገር የለም። አንዳንዱ ባክቴሪያ፣ በተለይ ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው፣ ከአርዲኤስ ጋር በፊልም ሊለይ የማይችል መልክ ይሰጣል። የፈሳሽ መዘግየትና ቀላል አርዲኤስም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መንታ ናቸው።

አባትየውን ቅር ያሰኘው ነገር መልሱ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ ኢንፌክሽን አለመኖሩን በእርግጠኝነት ማሳየት ስለማይችል ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ይጀምራል። የተለመደው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው። ከዚያ በደም ምርመራና በሕፃኑ ሁኔታ ይቀጥላል ወይም ያቆማል። ኦክስጅኑም ፊልም አይጠብቅም። እዚህ ላይ ጊዜ ራሱ አንድ ምርመራ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ እየተሻለው የሄደ ሕፃንና እየባሰበት የሄደ ሕፃን የመጀመሪያ ፊልማቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም በሽታቸው አንድ አይደለም።

ራጁ የሚፈለግባቸው ቦታዎች

እስካሁን ያልነው ራጁን ያሳነሰው ሊመስል ይችላል። እንደዚያ አይደለም። በአንዳንድ ጥያቄዎች ላይ መልሱ ቁርጥ ነው።

ሕፃኑ አፉ በአረፋና በምራቅ ይሞላል፤ ጡት ሲሰጠው ያንቀዋል። በአፍ የገባው ቱቦም አልወርድ ይላል። ራጅ ይነሳል። ቱቦው ደረቱ ላይኛው ክፍል ላይ ተጠምዝዞ ይታያል። የምግብ ቧንቧው መሐል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። በዚያው ፊልም ሆድ ውስጥ አየር ከታየ ደግሞ የታችኛው የምግብ ቧንቧ ክፍል ከአየር ቧንቧ ጋር ተገናኝቷል። አንድ ፎቶ ሁለት መልስ ሰጠ። ጡት ይቆማል፤ ሕፃኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል።

ሌላው ድያፍራም ላይ ያለ ቀዳዳ ነው። ድያፍራም ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ነው። ቀዳዳ ካለው አንጀት ወደ ደረት ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል። ፊልሙ ላይ ሳንባ መኖር በነበረበት ቦታ የአንጀት ቀለበቶች ይታያሉ፤ ልብ ወደ ቀኝ ተገፍቷል። ይህን ሕፃን በጭምብል አየር መንፋት ጉዳት አለው። አየሩ ወደ አንጀቱ ገብቶ የቀረችውን ሳንባ የባሰ ይጫናታል።

ሦስተኛው ከሳንባ ያመለጠ አየር ነው። አየሩ በሳንባና በደረት ግድግዳ መሐል ተጠራቅሞ ሳንባውን ይጨፈልቃል። ፊልሙ ላይ አንዱ ጎን ጭልጥ ያለ ጥቁር ይሆናል። ነገር ግን ልብ ይባል። ሕፃኑ በድንገት ጠቁሮ የልብ ምቱ እየወረደ ከሆነ ራጅ ክፍል ሰው መላክ ጊዜ ማባከን ነው። ክፍሉን አጨልሞ ደረቱ ላይ ጠንካራ መብራት ማስጠጋት ይቻላል። አየር ያመለጠበት ጎን እንደ ፋኖስ ይበራል። ከዚያ በመርፌ አየሩን ማውጣት ነው። ፊልሙ በኋላ ይደርሳል።

በአየር ቧንቧ የገባ ቱቦ ትክክለኛ ቦታው ላይ መሆኑን፣ በእትብት የደም ሥር የገባ መስመርም (ቀጭን ቱቦ) የት እንደደረሰ ማየት ሌላው የራጁ ሥራ ነው። ይህ አሰልቺ ይመስላል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ፊልም ከሚታዘዝባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

አሳሳች ጥላዎች

የአዋቂ ፊልም ማንበብ የለመደ ዓይን በጨቅላ ሕፃን ላይ ይሳሳታል። ከልብ በላይ ያለው ቲመስ የሚባለው እጢ በሕፃናት ትልቅ ነው። እንደ ጀልባ ሸራ ሾል ብሎ ወደ ጎን ይወጣል። የማያውቅ ሰው ሳንባ ምች ወይም እብጠት ነው ይላል። የልብ ስፋትም እንዲሁ። በአዋቂ ልብ ከደረት ስፋት ግማሹን ካለፈ ትልቅ ነው ይባላል። በጨቅላ ሕፃን እስከ 60 በመቶ ቢደርስም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ትንፋሹን ባስወጣበት ቅጽበት የተነሳ ፊልም ጤነኛውን ሳንባ ነጭ ያደርገዋል። ትንሽ ዞሮ ከተኛ አንዱ ጎን ይጠቁራል። የቆዳ እጥፋት ደግሞ ያመለጠ አየር መስሎ ሐኪም ያስደነግጣል።

የኮምፒውተር ንባብ ወሬ የሚገታውም እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የደረት ራጅን በኮምፒውተር ማስነበብን ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ፈቅዷል። ዕድሜው ግን 15 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ያ ፈቃድ ለአንድ ቀን ሕፃን አይሠራም። በአዋቂ ፊልም የሠለጠነ ፕሮግራም ቲመስን አይቶ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ጨረሩስ?

የአያት ፍርሃት መሠረተ ቢስ አይደለም። የሚያድግ ሕዋስ ለጨረር ስስ ነው። ሕፃኑም ከፊቱ ረጅም ዕድሜ አለው። ጥያቄው ግን መጠኑ ነው።

አንድ ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት የሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። የጨቅላ ሕፃን አንድ የደረት ራጅ 0.02 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ከዚያም ያነሰ ይሆናል። ይህ ማንኛችንም በሦስት ቀን ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚመጣጠን ነው። መተንፈስ ያቃተው ሕፃን ላይ ከሚጠበቀው ጥቅም ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ሕፃንም አንድ ሁለት ሜትር ከራቀ የሚያገኘው የለም ማለት ይቻላል።

ችግሩ ድግግሞሹ ነው። በጣም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ሳምንታት ሲተኛ ፊልሙ ሊበዛ ይችላል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የወጣ የጨቅላ ሕፃናት ሐኪሞች ምክረ ሐሳብ አየር ቧንቧቸው ውስጥ ቱቦ ላለ ሕፃናት ያለ ምክንያት በየቀኑ ራጅ ማዘዝ እንዲቀር መክሯል። ሌላው ጉዳይ ጥራት ነው። የጨረሩ ሜዳ ደረት ላይ ብቻ ካልተወሰነ ጭንቅላት፣ ሆድና የመራቢያ አካል ሁሉ ይገባበታል። «ሕፃን ፎቶ» የሚባል ከአናት እስከ እግር ያለ ፊልም ካያችሁ ባለሙያው አልጠነቀቀም ማለት ነው።

በእኛ አገር ግን ከጨረሩ ይልቅ የሚያሰጋው ጉዞው ይመስለኛል። ተንቀሳቃሽ ራጅ በሌለበት ሆስፒታል ሕፃኑ ከማሞቂያው ወጥቶ፣ በኮሪደር አልፎ፣ ሌላ ሕንፃ መሄድ አለበት። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ እንዳይወርድ የተለፋበት ሕፃን ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ኦክስጅኑ መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። አንድ ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪም «እስኪረጋጋ ይቆይ» የሚለው። ቸልተኝነት አይደለም።

አልትራሳውንድ ይተካዋል?

የሳንባ አልትራሳውንድ ደጋፊዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው። ጨረር የለውም። ሕፃኑ ከአልጋው አይነሳም። በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ቢደገም ጉዳት የለውም። አርዲኤስን፣ የፈሳሽ መዘግየትንና ያመለጠ አየርን በመለየት ጥሩ ውጤት አሳይቷል። አውሮፓ ውስጥ ሰርፋክታንት ለማን እንደሚሰጥ ለመወሰን ጭምር እየዋለ ነው።

ተጠራጣሪዎቹም ነጥብ አላቸው። አልትራሳውንድ በአየር ውስጥ አያልፍም። የሚያየው የሳንባውን ጠርዝና በጠርዙ የሚፈጠሩ መስመሮችን ነው። ጥልቀት ላይ ያለ ነገር ያመልጠዋል። ውጤቱ በያዘው እጅ ልክ ነው። ፊልምን ሦስት ሐኪም ቆይቶ ማየት ይችላል፤ አልትራሳውንድን ግን ያየው መሣሪያውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። የቱቦና የመስመር ቦታንም እንደ ራጅ በአንድ እይታ አያሳይም።

ሚዛኑ የሚወድቀው ጥያቄው ላይ ነው። «ይህ አርዲኤስ ነው? አየር አምልጧል?» ከሆነ የሠለጠነ እጅ ያለው አልትራሳውንድ ከብዙ ፊልም ይሻላል። «ቱቦው የት ደረሰ? የምግብ ቧንቧው ተቋርጧል?» ከሆነ ራጅ ነው። በአገራችን አልትራሳውንድ ከእርግዝና ክትትል ጋር ብዙ ቦታ ደርሷል። ማሽን መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ለሕፃን ደረት የሚሆን ትንሽ ጫፍና ሥልጠና ይፈልጋል።

ከፊልሙ በኋላ ያለው

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1963 የፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ገደማ ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ነበር። በሽታው ዛሬ አርዲኤስ የምንለው መሆኑን ሐኪሞቹ ያውቁ ነበር። በ39ኛው ሰዓቱ ቦስተን ውስጥ ሞተ። ያጡት ምርመራ ሳይሆን ሕክምና ነበር። የአየር ግፊትን ሳንባ ውስጥ የሚያቆየው ሲፓፕ የሚባለው ዘዴ በሥራ ላይ መዋሉ የተገለጸው በ1971 ነው። ሰርፋክታንት ለሕፃን ተሰጥቶ ውጤት ያሳየው በ1980 ጃፓን ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታም በዚህ ዓይን ቢታይ ይሻላል። የ2019 (እ.ኤ.አ.) አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ባሉ 5 ሆስፒታሎች ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትን ተከታትሏል። ከሞቱት ውስጥ 45 በመቶ የሚሆኑት ዋና የሞት ምክንያታቸው አርዲኤስ ነበር።

ሰርፋክታንት ከላምና ከአሳማ ሳንባ የሚዘጋጅ፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ውድ መድኃኒት ነው። ሲፓፕ ግን ቀላል ነው። አየርና ኦክስጅን በአፍንጫ ይገባል። መውጫ ቱቦው ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ በ5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ልክ ግፊት ሳንባው ውስጥ ይቆያል። ሕፃኑ ሲያቃስት ሊያደርገው የታገለው ይህንኑ ነበር። ሲፓፕ ለመጀመር ሳምንቱና ምልክቶቹ ይበቃሉ፤ ፊልም አይጠበቅም። ነገር ግን ግፊቱ ራሱ አየር ሊያስመልጥ ይችላል። ሲፓፕ ላይ ያለ ሕፃን ድንገት ከባሰበት ራጁ እንደገና ተፈላጊ ይሆናል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ብዙ ፊልም በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም ወደ ሌላ ከተማ ይላካል። ምስሉ ደብዝዞ፣ ግማሹ በመስኮት ብርሃን ተሸፍኖ ይደርሳል። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ «የመተንፈስ ችግር» ብቻ ነው። አንባቢው ምን ይበል? «32 ሳምንት፣ 4ኛ ሰዓቱ፣ ሲፓፕ ላይ፣ ከአሥር ደቂቃ በፊት ድንገት ጠቆረ፤ አየር አምልጧል?» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ያንኑ ደብዛዛ ምስል በሌላ ዓይን ያየው ነበር።